ዶክተር፣ ቲቸር፣ ድራይቨር

ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ዝቅ ብዬም እጨብጠዋለሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ነን፤ በዚያ ላይ አስተምሮኛል። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው። አንቱታውን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያለ ስስት ሰጥቼዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ሰፈሩ የሚያውቀው «ስምንቱ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ቅጽሉ የወጣለት በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጠመኔውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ፣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ የስምንት ቁጥር ስለሚጽፍ ነው። ከዚያ ዞሮ ያየናል። እንግሊዝኛ ማለት ስምንት ነገር ነው፤ ስምንቱን ያወቀ ሰው ነው፣ ያላወቀ ከብት ነው ይለናል። ስምንቱ ነገሮች «ፓርትስ ኦፍ ስፒች» የሚባሉት የቃል ክፍሎች ናቸው፦ ናውን፣ ፕሮናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ አድቨርብ፣ ፕሪፖዚሽን፣ ኮንጃንክሽን፣ ኢንተርጀክሽን። ትምህርት ከተከፈተበት ቀን እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ እነዚህን ስምንት ስሞች ከነትርጉማቸውና ከነምሳሌያቸው በየተራ ቆመን እናነበንባለን። ቅደም ተከተሉን ያሳተ ጣቶቹን ሰብስቦ ይዘረጋል፤ ማስመሪያው በጠርዙ ያርፍባቸዋል።

እሱ ራሱ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን የሰማው ሰው የለም። አንድ ጊዜ መንገድ የሚለካ የውጭ አገር መሐንዲስ መኪናው ተበላሽቶበት ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። ዲሬክተሩ ደስ ብሎት ስምንቱን አስጠራው። ተላላኪዋ ሄዳ ተመለሰችና ቲቸር ሆዳቸውን ታመው መጸዳጃ ቤት ገብተዋል አለች። መኪናው ተሠርቶ፣ መሐንዲሱ በእጅ ምልክት ተሰናብቶን፣ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ስምንቱ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም። ከወጣ በኋላ አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ገብቶ፣ የዛሬ ፈረንጆች ሰዋስው ስለማያውቁ ከእነሱ ጋር ማውራት የተማሪን ቋንቋ ያበላሻል አለ። ማንም አልሳቀም። ይህን ሲል ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነበር፤ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ፊት ለፊት ለመሳቅ ደግሞ ድፍረት ያስፈልጋል፤ እኛ ቤት ያ ነገር አይበዛም።

ጥቁር ሰማያዊ ኮት አለው። በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ሁለቱ ቀለም የላቸውም፤ የማውቀው ሦስተኛው ባለቀበት ቀን የእኔን ስለተዋሰኝ ነው። አልመለሰውም።

ፕሮናውንን ያስተማረን ቀን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፈና ከመካከሉ በመስመር ቆረጠው። «ፕሮ ማለት ፕሮፌሽን ነው። ፕሮፌሽን ማለት ሙያ ነው። ስለዚህ ፕሮናውን ማለት የሙያ ስም ማለት ነው» አለ። ምሳሌ አስጻፈን፦ ዶክተር፣ ቲቸር፣ ድራይቨር። በዚሁ ቅደም ተከተል። ቲቸርን ከዶክተር ያስቀደመ ልጅ ጣቱን አስመታ። «ሂ፣ ሺ፣ ዘይ»ንስ ምን እንበላቸው ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ እነዚያ ስማቸው ላልታወቀ ሰዎች የሚሰጡ ናውኖች ናቸው ተብሎ ተመለሰለት። ጻፍን።

የፖስታ ቤት ሠራተኛው ልጅ ግን አልጻፈችም። ታላቅ ወንድሟ በሌላ ከተማ ይማር ስለነበር የእሱን መጽሐፍ ደብተሯ ውስጥ ይዛ መጥታ ኖሯል። እጇን አወጣች። በወንድሟ መጽሐፍ ፕሮናውን የሚባለው ተውላጠ ስም እንደሆነ፣ እኔ፣ አንተ፣ እሷ፣ እነሱ እያልን በስም ፋንታ የምንጠራበት ቃል እንደሆነ ተናገረች። በራሳችን ቋንቋ ክፍለ ጊዜም እኮ ተምረነዋል አለች። ስምንቱ ቀስ ብሎ ሄዶ መጽሐፉን ከእጇ ወሰደ። ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ከዚያ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ከሆነ ለምን አስተማሪ ይቀጠራል ብሎ ጠየቃት። ስለ ራሳችን ቋንቋ ደግሞ፣ በሬና መኪና አንድ ዓይነት መንገድ አይሄዱም አላት። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድትቆም አደረገ። መጽሐፉን ከክፍሉ ጥግ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ከትቶ ቆለፈበት። መንግሥት ለእኛ የላካቸው መጻሕፍትም እዚያው ነበሩ። መጽሐፍ ተማሪ ያሰንፋል ይል ነበር።

እሷ ግድግዳውን ስታይ ክፍሉ ይስቅባት ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ የጽሕፈት ሥልጠና ስገባ ነገሩ ወጣብኝ። አሠልጣኟ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ሰዋስው እንከልስ ብላ ሦስት ፕሮናውን የሚነግረኝ አለ ወይ አለች። ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ዶክተር፣ ቲቸር፣ ድራይቨር ብዬ እንደ ውሃ አፈሰስኩት። ያን ቀን የሳቁብኝ አርባ ሰዎች ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሠልጣኟ ሳቋን ውጣ የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ዋሸኋት።

እንግዲህ ሰው ይጠይቃል፤ ይህ ነገር ይህን ያህል ዓመት እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? በአካባቢው ያለን አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰባተኛ ክፍልን በእሱ እጅ ሳያልፍ የወጣ የለም። የላይኛው ክፍል አስተማሪዎች ስምንቱን እንደምናውቅ አድርገው ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምሩት። ስህተቱን የደረሰበት ልጅ ደግሞ እንደ እኔ አንድ ቦታ ተዋርዶ ነው የሚደርስበት፤ የተዋረደበትን ነገር ማን ያወራል? ተቆጣጣሪዎች በዓመት አንዴ ይመጡ ነበር። ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ የትምህርት ዕቅዱን ያያሉ። የስምንቱ እጅ ጽሑፍ እንደ ጥልፍ የሚያምር ነው። ይፈርማሉ፤ ይሄዳሉ። አንደኛው ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥልጠናዬን ጨርሼ እዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ማለቂያ ስምንቱ የፈተና ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ሰባተኛው ጥያቄ ሦስት ፕሮናውን ጻፉ ይላል፤ መልሱን ከጎኑ በቀይ አስፍሮታል። በትሕትና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቲቸር ይቺን ጥያቄ እንደገና ቢያዩዋት አልኩት።

«አንቺ የተቀጠርሽው ልትተይቢ ነው፤ ልታርሚ አይደለም» አለኝ።

ተየብኩ። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። አሥራ አንድ ዓመት። ፈርቼው ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ንቄው ነው። የናቁትን ሰው ማረም ያደክማል። ወረቀቱን ሲያስረክበኝ በሆዴ እስቅበታለሁ፤ ያ ሳቅ ለእኔ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የታማሚ አንሶላ ከጋሪ እያወረደች ትለያለች፤ ደም ያለበትን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ። በረኪናው ጣቶቿን ልጧቸዋል። የላስቲክ ቦቲ ጫማዋ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ ካልሲዋን በቀን ሁለት ጊዜ ትጨምቃለች። ሆስፒታሉ ረዳት ነርሶችን ሊያሠለጥን ፈተና ሲያወጣ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ አጠናች። የተፈተኑት ከእኛም ከሌላ አካባቢም የመጡ ሃምሳ አንድ ሰዎች ናቸው።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ቦቲዋን ሳታወልቅ ቢሮዬ መጣች። መሬቱን አርጥባው ቆመች። በዝርዝሩ መጨረሻ ለብቻ በመስመር ተከበው ሃያ ሦስት ስሞች እንዳሉ፣ ከበላያቸውም «በመኮራረጅ የተሰረዙ» ተብሎ እንደተጻፈ፣ የእሷ ስም አራተኛው እንደሆነ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ቅስሟ ተሰብሮ ነበር፤ እንባ እንኳ አልነበራትም።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ግን አልተናገርኩም፤ እንሂድና እንጠይቅ አልኳት ብቻ።

የሥልጠናው ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሲስተር ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሃያ ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደ መሐረብ ጎን ለጎን ዘረጉልን። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ ሦስት ፕሮናውን ጻፉ። ሃያ ሦስቱም ላይ ዶክተር፣ ቲቸር፣ ድራይቨር። ሲስተር ጣታቸውን ከወረቀት ወደ ወረቀት እየወሰዱ፣ ስህተት የየራሱ መልክ አለው፣ ሃያ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚሳሳተው ከአንድ ወረቀት ሲገለብጥ ብቻ ነው አሉን። ሊካድ የማይችል ነገር ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ እፈርድ ነበር።

እህቴ አልተኮራረጅንም፣ እንዲህ ነው የተማርነው አለች።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ሰው አለ ብዬ እንድቀበልሽ ነው የምትፈልጊው አሏት። አለ አልኩ እኔ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መሆኔን ነገርኳቸው። እንግዲያው ያ ሰው በራሱ እጅ ፈርሞ ያምጣልኝ፣ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ አሉ። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

መጀመሪያ ወደ ዲሬክተሩ ሄድኩ። ዲሬክተራችን በሩን ገርበብ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ማን እንደመጣ ከኮቴው ለይቶ፣ ካልወደደው ስልክ ያነሣል። እኔን ስላልጠረጠረኝ ተያዘ። ነገሩን ስነግረው በሁለት እጁ ጆሮውን ያዘ፤ በእውነት ያዘ። ይህን እኔ አልሰማሁም፣ ከፈለግሽ በግልሽ አነጋግሪው አለኝ። የሥራ ባልደረባ ማስቀየም ጥሩ አይደለም ብሎም መከረኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ ከእህቴ ጋር ወደ ስምንቱ ቤት ሄድን። የፊት ክፍላቸው የሚስቱ የልብስ ስፌት ቦታ ነው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በእግር የሚነዳ መኪናዋ በር አጠገብ ብርሃን ወዳለበት ዞሯል፤ ግድግዳው ላይ የተቆረጡ ኮሌታዎች በመርፌ ተሰክተው ተደርድረዋል። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የተማሪ ደብተር በቀይ ያርማል። ከወንበሩ አልተነሣም። ሚስቱ መጥታ ሳመችንና ጨርቅ ከወንበር ላይ አንሥታ አስቀመጠችን። እንግዶቹ መጥተዋል ስትለው፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል «እንግዶች» በይ እንጂ «እንግዶቹ» አይባልም፣ ገና አላወቅሻቸውም አላት። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ጉዳዩን አስረዳሁት። እያረመ ሰማኝ። ስጨርስ እስክሪብቶውን ከደነ።

«ታዲያ መልሱ ምን ሆነ?» አለ።

መልሱ ስህተት መሆኑን ነገርኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት፣ በግልጽ። ፕሮናውን ተውላጠ ስም ነው፤ እርስዎ ያስተማሩን ሌላ ነው፤ ሃያ ሦስት ልጆች በዚህ ምክንያት ሌባ ተብለዋል፤ አንድ ወረቀት ላይ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብለው ቢፈርሙልን ይበቃል፤ ሌላ ነገር የሚጠይቅዎ የለም አልኩት።

ስምንቱ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ማስመሪያው ከመነሣቱ በፊት የሚመጣ ነው። የሆስፒታል ሰው መርፌ ይውጋ እንጂ ስለ ቋንቋ ምን አገባው አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምር አንድም ሰው ተሳስተሃል ብሎት እንደማያውቅ፣ የእኔም ድፍረት ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጥ የመጣ መሆኑን ተናገረ። እህቴን ደግሞ አንቺም ሰነፍ ስለነበርሽ ይሆናል የወደቅሽው አላት። መቶ ከመቶ ሰጥተውኝ ነበር አለች እህቴ። የማስታወስ ግዴታ የለብኝም አለ።

በዚህ ጊዜ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ያን ሳምንት ኩፍኝ ይዞህ ተኝተህ ነበር» አለች ሚስቱ።

መጀመሪያ ማንን እንደምታናግር አልገባንም። ጀርባዋን ሰጥታን ነው የተቀመጠችው፤ እጇ አሁንም ጨርቁ ላይ ነው።

«ሰባተኛ ክፍል እያለን። ፕሮናውንን የተማርን ሳምንት አንተ አልነበርክም። እኔ ነበርኩ። ከተሻለህ በኋላ የጎረቤትህን ልጅ ደብተር ተውሰህ ስትገለብጥ አይቼሃለሁ፤ የእሱ ደብተር ገጹ ተቀዶ ነበር። የቀረውን ከራስህ ሞላኸው።»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

«ያን ዓመት እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። አንተ አሥራ ዘጠነኛ ነበርክ» አለች። በንዴት አይደለም፤ የኮሌታ ልክ እንደሚነገር ነው የተናገረችው።

ተነሣ። ደብተሮቹን ሰብስቦ በብብቱ ያዘና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሲገባ ትከሻው ወርዶ ነበር። ብታዝኑለት አልፈርድባችሁም። እኔ አላዘንኩለትም፤ የሚታየኝ የፖስታ ቤት ሠራተኛው ልጅ ጀርባ ነበር።

ስንወጣ ሚስቱ እስከ ደጅ ሸኘችን። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት። ጠይቆኝ አያውቅም አለች። ከዚያ ይጽፍላችኋል፣ ምን እንደሚጽፍ ግን አላውቅም ብላን ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት ቆሞ ጠበቀኝ። ኮቱን ተኩሶታል፤ ጺሙን ተላጭቷል። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ይዟል። ይህን ተይቢልኝ አለ። አነበብኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ፕሮናውን የፕሮፌሽን ናውን መሆኑን ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት ያለ አንዳች ተቃውሞ ሳስተምር የኖርኩ ስሆን፣ ተማሪዎቼ ዶክተር፣ ቲቸር፣ ድራይቨር ብለው የሰጡት መልስ እኔ ባስተማርኳቸው መሠረት ፍጹም ትክክል ነው። የተሳሳተው የሆስፒታሉ ፈተና ነው። ሆስፒታሉ ስህተቱን በአስቸኳይ አርሞ ተማሪዎቼን ይቅርታ እንዲጠይቅ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ የደረሰበት ይህ ነበር። ሚስቱ የነገረችውን ሰምቷል፤ ገብቶታልም። ግን ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ከሚል አንድ ሆስፒታል ሙሉ ተሳስቷል ማለት ቀለለው።

በዚያ ሰዓት አንድ ቃል ልናገረው እችል ነበር። ይህን ደብዳቤ ከላኩ መሳቂያ ይሆናሉ፤ የመጨረሻውን ሁለት መስመር ይተዉት፤ የሚያስፈልገን «አስተምሬያቸዋለሁ» የሚለው ብቻ ነው ልለው እችል ነበር። አላልኩም። አንዲት ፊደል ሳልነካ ተየብኩት። ሦስት ቅጂ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ ሙሉ ስሙን፣ ማዕረጉንና የአገልግሎት ዘመኑን እንዲያሰፍር ነገርኩት፤ ደስ እያለው አሰፈረ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከመሳቢያ አውጥቼ ጥሩ አድርጌ ቀለም አስነክቼ መታሁበት።

«አስተካክለሽዋል?» አለኝ ሲፈርም።

«እኔ የተቀጠርኩት ልተይብ ነው» አልኩት።

አላስታወሰውም። ራሱን ነቅንቆ ጨብጦኝ ወጣ።

ሲስተር ደብዳቤውን ሲያነቡ እኔና እህቴ ፊታቸው ቆመን ነበር። እስከ መካከሉ ድረስ ፊታቸው አልተለወጠም። «ይቅርታ እንዲጠይቅ» የሚለው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከጎናቸው ክፍል ሁለት ሐኪሞችን ጠርተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። አንደኛው ሐኪም እኔ ፕሮናውን መሆኔን እስከ ዛሬ አላወቅኩም አለ። እህቴ ብቻ አልሳቀችም። ሲስተር ያን አይተው ሳቃቸውን ቆረጡ። ደብዳቤውን እንደገና አነሡት።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት?» አሉ፤ ማንንም አልነበረም የጠየቁት።

ዘጠነኛው ጥያቄ ለሁሉም ተፈታኝ ተሰረዘ። የሃያ ሦስቱም ወረቀት እንደገና ታረመ። አሥራ አራቱ አለፉ። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ወጣች። ዘጠኙ በሌሎች ጥያቄዎች ወደቁ፤ እነሱ እስከ ዛሬ የወደቅነው በስምንቱ ነው ይላሉ፤ ለማሳበቢያም አገልግሏቸዋል።

ደብዳቤውን ከሐኪሞቹ አንዱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶት ኖሮ በሳምንቱ ያላየው ሰው አልነበረም። ወላጆች መጡ። ከዚያ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፤ እነዚያው ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን አንዳቸውም አልተኙም። ዲሬክተሩ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ጆሮው ገብቶ እንደማያውቅ ማለላቸው። የብረት ቁም ሣጥኑ በጋዜጣ አቧራው ተጠርጎ ሲከፈት ስልሳ ሰባት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከነታሰሩበት ሲባጎ ተገኙ። ሲባጎው አልተፈታም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረው ሰው አንዱንም አልገለጠውም።

ከመጻሕፍቱ ሥር አንድ ለብቻው የተቀመጠ ነበር፤ ልባሱ ላይ የፖስታ ቤት ሠራተኛው የበኩር ልጅ ስም አለበት። ወስጄ ለእህቱ ሰጠኋት። አሁን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ተቀብላ ፊትና ኋላውን አየችው። ወንድሜ በዚህ መጽሐፍ የተነሣ ሁለት ጊዜ ገርፎኛል አለች፤ የጣልኩት መስሎት ነበር። ስለ ፕሮናውኑ ልነግራት ስጀምር ደንበኛ መጣና ተወችኝ። መጽሐፉን ከባንኮኒው ሥር አስገባችው።

ስምንቱ ጡረታው ሦስት ዓመት ስለቀረው አላባረሩትም፤ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ኃላፊ አደረጉት። የጠመኔ ሳጥኑን በእጁ ይዞ ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ተማሪዎች መንገድ ለቀቁለት። አንዱ ስምንት ጣቱን ዘርግቶ ከኋላው አሳየ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

እህቴ ሥልጠና ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ግቢ ውስጥ አብረን ልብስ እያሰጣን ነበር። ነጩን የሥልጠና ቀሚሷን እጥፋቱ እንዳይበላሽ እያራገፈች፣

«አንቺ ግን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

ጽሕፈት ስማር አልኳት። ዓመቱን በልቧ ቆጠረች። እኔ ሰባተኛ ክፍል የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው አለች። አዎ አልኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ። ቀሚሱን ገመዱ ላይ ጣለች። ጫፉን አስተካከለች።

«ስለዚህ የእኔንም ፈተና የተየብሽው አንቺ ነሽ» አለች።

መቶ ከመቶ አምጥታ ስትመጣ አቅፌ ስሜያት ነበር። ያንንም ታስታውሳለች፤ ግን አላነሣችውም። የቀረውን ልብስ ብቻዋን አሰጣች። እስክትሄድ ድረስ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። አሁን እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ስለ ሥራ ትነግረኛለች፤ ደም ግፊት መለካት ችያለሁ ትላለች። እንደ ድሮዋ አትስቅም። ወይም ትስቃለች፤ ከእኔ ጋር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ወረቀት አልቆብኝ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። ሽታው የእርጥብ ካርቶን ነው። ስምንቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ ገልጦ ነበር፤ ኮቴዬን ሲሰማ ዘጋው። እንደምን ዋሉ ቲቸር አልኩት። ደህና አለና የመረከቢያ ቅጹን ሰጠኝ። ሞልቼ መለስኩለት። እስክሪብቶውን አወጣ፤ የሚጽፈውን። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አነበበና ቀኑ ላይ ከበበልኝ።

ተሳስቻለሁ፤ ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ረስቼ የረቡዕን ነው የጻፍኩት። አስተካክዬ ፈረምኩለትና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።